በሴት ልብስ ላይ ብቻ ለምን ይፈረዳል?

በቅርብ ከኢትዮጵያ ለመጣችሁ ቤተሰቦች በሙሉ፦

እኛ እንደ እናንተው ከጎንደር ገጠር መጥተን እዚሁ አገር የተማርን፣ በማኅበራዊ ጉዳይ ሥራ ላይ ያለን ሴቶች፣ በየመርከዝ ክሊታው የምንሰማው ክስ አንድ ዓይነት ነው። አባት «ልጄ ሱሪ ለበሰች፣ ከእጄ ወጣች» ይላል። ልጅቱ «እናቴ ነጠላ ለብሳ ትምህርት ቤት መጥታ አሳፈረችኝ» ትላለች። አስተማሪዋ ደግሞ እናትየዋን «ገና አልለመደችም» ትላታለች፤ ማስረጃዋ ሻሹና ቀሚሱ ነው። ሦስቱም የሚፈርዱት በሴት ልብስ ነው። ይህን ፍርድ እንቃወማለን።

በመጀመሪያ አባቶቻችንን በአክብሮት እንጠይቃለን፤ ጋቢው የት ገባ? ወንዶቻችን ጋቢውን አጥፈው አስቀምጠው ጂንስና ጃኬት ሲለብሱ፣ ባህል ጠፋ ብሎ የጮኸ ሽማግሌ አላየንም። ወንድ ልጅ ቁምጣ ለብሶ ሲወጣ «ወጣት ነው» ይባላል። እህቱ አጭር እጅጌ ስትለብስ ግን የቤቱ ክብር ወደቀ ይባላል። ክብሩ በእርሷ ትከሻ ላይ ብቻ እንዲንጠለጠል የወሰነው ማነው? (ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆች እኮ ሱሪውን እዚያው ለምደውት ነው የመጡት፤ እስራኤል አላስተማረቻቸውም።)

እናቶቻችን ጊዜና ቦታ አይተው መልበስ የሚያውቁ ናቸው። ለሸክላ ሥራና ለውኃ መቅጃ አሮጌው ቀሚስ በመቀነት ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። ለሠርግና ለስግድ ነጩ ይወጣል። ለቅሶ ሲሆን የነጠላው ጥለት ወደ ላይ ይዞራል፤ ያየ ሁሉ ማንም ሳይነግረው ሐዘን መኖሩን ይረዳል። ይህ ትልቅ እውቀት ነው። እዚህ ስንመጣ ጨዋነታችን አልጎደለም፤ የጎደለን የዚህን አገር ምልክት የሚነግረን ሰው ነው።

ምልክቱም ብዙ ነው። በኢየሩሳሌም መአ ሸዓሪም ሠፈር ሴቶች ረጅም ጉርድና ባለ እጅጌ ሸሚዝ ለብሰው እንዲገቡ የሚጠይቅ ጽሑፍ በየግድግዳው አለ። በኮቴል ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል። አውቶቡስ ተሳፍራችሁ ቴል አቪቭ ስትደርሱ ባሕር ዳር የዋና ልብስ ብቻ የለበሱ ሴቶች ታያላችሁ፤ እዚያው ኖርዳው በሚባለው የባሕር ዳርቻ ደግሞ ለሴቶች ብቻ የተለዩ ቀናት አሉ። በመንግሥት ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት ሴት ልጅ ጉርድ እንድትለብስ ይጠየቃል፤ በሌላው የመንግሥት ትምህርት ቤት የትምህርት ቤቱ ምልክት ያለበት ካናቴራና ሱሪ ይበቃል። በጦር ሠራዊት ሱሪ የሴቶችም የደንብ ልብስ ነው፤ ሃይማኖተኛዋ ወታደር ግን ጉርድ መጠየቅ ትችላለች። ታዲያ ከእነዚህ ሁሉ የትኛዋ ናት «እስራኤላዊት»?

አንዲት እናት ጎረቤቶቿን አይታ፣ ከጎደለው ኪሷ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅዋ ሁለት ሱሪ ገዛች። ልጅቱ የተመዘገበችው በሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት ነበርና በመጀመሪያው ቀን ወደ ቤት ተመለሰች። አባት ልጄ በነውር ተባረረች ብሎ ሳምንት ሙሉ አላነጋገራትም። ደንቡ ቀድሞ ቤታቸው ገብቶ ነበር፤ በዕብራይስጥ ብቻ ተጽፎ። ልጅቱም እናቲቱም ምን አጠፉ?

መከበርና መገደድ እንዳይምታታ ደግሞ ልናሳስብ እንወዳለን። በጸሎት ቦታ መሸፈን እንግዳ ለባለቤት የሚሰጠው ክብር ነው። መንገድና አውቶቡስ ግን የሁሉም ነው። በቤት ሼሜሽ ሴቶች በጨዋ ልብስ እንዲያልፉ የሚያዝዙ ሰሌዳዎች ተሰቅለው ነበር፤ የከተማው ሴቶች ተከራከሩ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2017 እንዲነሱ አዘዘ። ይኸው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ሴትን አውቶቡስ ውስጥ ከኋላ እንድትቀመጥ ማስገደድ ሕገ ወጥ ነው ብሏል። ስለዚህ መንገድ ላይ አንድ ሰው ልጃችሁን ስለ ልብሷ ቢጮህባት፣ ቤት ስትደርስ እናንተ ደግማችሁ አትጩሁባት።

ለባለሥልጣናትና ለአስተማሪዎችም የምንለው አለን። ስግድ እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ የመንግሥት በዓል ሆኗል። በዚያ ቀን ነጩን ቀሚስ ታደንቃላችሁ፣ ከእናቶቻችን ጋር ፎቶግራፍ ትነሣላችሁ። በማግስቱ ያው ቀሚስ በኩፓት ሆሊም ወረፋ ላይ ሲታይ ባለቤቷ እንደማታውቅ ሕፃን በጩኸት ትጠራለች። ቀሚሱ ያው ነው። ቀሚስ የለበሰች ሴት ቁጠባ ታውቃለች፣ ልጅ ታሳድጋለች፣ ኡልፓን ገብታም ፊደል ትቆጥራለች። መልመዷን በልብሷ መለካት ስንፍና ነው።

ከትምህርት ቤቶች የምንጠይቀው ቀላል ነው፤ የአለባበሱ ደንብ በአማርኛ ተጽፎ፣ ልብስ ከመገዛቱ በፊት፣ በምዝገባው ቀን ለወላጅ ይሰጥ። ማንበብ የማይችል ወላጅ ካለ በአስተርጓሚ ይነገረው። ትምህርት የሚከፈተው ሴፕቴምበር 1 ነው። እስከዚያው ከትምህርት ቤት የመጣላችሁን ወረቀት ይዛችሁ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ኑ፤ ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት እናነብላችኋለን፤ ልጅቱንም ይዛችኋት ኑ።