«አገኟት» የሚሉን እነማን ናቸው?



በሰላማዊ ውቅያኖስ ስላለችው ኢስተር ደሴት የተሠሩ ቪዲዮዎች በየስልካችን ይዞራሉ። አብዛኞቹ የሚጀምሩት «ሆላንዳዊው ያኮብ ሮጌቬን እ.ኤ.አ. በ1722 ደሴቷን አገኘ» ብለው ነው። እስቲ እንጠይቅ፦ ባለቤቱ ተቀምጦበት እያለ ቤቱን «አገኘሁት» የሚል እንግዳ ምን ይባላል?

የራፓ ኑይ ሕዝብ ከሮጌቬን በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት እዚያው ኖሯል። አባቶቻቸው ውቅያኖሱን በታንኳ አቋርጠው ገቡ፤ አርሰው በሉ፤ ሞአይ የሚባሉትን ግዙፍ የድንጋይ ሐውልቶች ጠረቡ። ሮጌቬን የፋሲካ ዕለት ስለደረሰ «የፋሲካ ደሴት» አላት። ስሟ እንኳ ከእርሱ የቀን መቁጠሪያ ተወሰደ!

ከቀናት በኋላ ከ130 በላይ ሰው አስከትሎ ወረደ። ሕዝቡ እንግዶቹን ለማየት ተሰበሰበ። ተኩስ ተከፈተ፤ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ሰው ሞተ። ይህን የጻፈው ራሱ ሮጌቬን ነው። «እኔ አላዘዝኩም» ብሏል። እሺ፣ አላዘዘም እንበል። የሟቾቹን ደም ማን ጠየቀ? ሰዎቹ ግን ከዚያም በኋላ ዶሮና ሙዝ አመጡላቸው።

«ዛፋቸውን ጨርሰው፣ እርስ በርስ ተዋግተው፣ ራሳቸውን በራሳቸው አጠፉ» የሚል መልስ እንሰማለን። ዛፉ ማለቁ እውነት ነው። ሕዝቡ ግን በዚያ አላለቀም። በ2024 የወጣ የጥንት ዘረመል ጥናት ቁጥራቸው እስከ 1860ዎቹ ቀስ እያለ ያድግ እንደነበር አሳይቷል።

ታዲያ ማን ጨረሳቸው? ከ1862 ጀምሮ ከፔሩ የመጡ ባሪያ ፈንጋዮች 1,500 ያህል ሰው አፍሰው ወሰዱ። በሕይወት የተመለሱት ጥቂቶች ፈንጣጣ ይዘው መጡ። በ1877 የቀሩት ነዋሪዎች 111 ብቻ ነበሩ። በ1888 ቺሊ ደሴቷን ያዘች። ከዚያም መሬቱ የበግ ማርቢያ ሆነ፤ ባለቤቶቹም ሀንጋ ሮዋ በምትባል አንዲት መንደር ታጠሩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሲያበቃ «ራሳቸው ናቸው ያለቁት» ማለት በዙልም ላይ ሌላ ዙልም ነው። ገዳዩን ነጻ አውጥቶ ሟቹን መክሰስ ነው።

ደግሞም አልጠፉም! ዛሬም ደሴታቸው ላይ አሉ። በ1868 የእንግሊዝ መርከብ ጭኖ የወሰደውንና ለንደን ሙዚየም የቆመውን ሞአይ «መልሱልን» እያሉ ነው።

እንግዲህ ቪዲዮውን ሼር ከማድረጋችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ፦ የቤቱ ባለቤት ምን ይላል?