መኪና ሳይሆን ስም እየገዛን ነው

አሮጌ መኪናውን ሸጦ ሻል ያለ ሁለተኛ እጅ ሊገዛ የተነሣ የአዲስ አበባ ሰው ከዘመድ ከወዳጅ የሚሰማው ምክር ያው ነው። ቶዮታ ግዛ፣ ዋጋው አይወርድም። ታርጋው ቢ ይሁን፣ ሲ ከተገኘማ እሰየው። ላሜራው ያልተነካ፣ ሞተሩ ያልወረደ ፈልግ። መካሪው ክፋት የለበትም፤ እሱም የገዛው እንዲሁ ተመክሮ ነው። እኔ ግን ይህ ምክር ከሥሩ የተሳሳተ ነው እላለሁ። የሚመልሰው «ነገ በስንት እሸጠዋለሁ?» የሚለውን ጥያቄ ብቻ ነው። «ልጆቼን ጭኖ ከጎሃ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ በሰላም ይወርዳል ወይ?» ለሚለው ምንም መልስ የለውም። እኛ ግን የመጀመሪያውን መልስ ስንይዝ ሁለተኛውንም ያገኘን ይመስለናል።

የዋጋው ነገር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በገፋ ቁጥር የሚከፈልበትን ታክስ ከፍ አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ገንዘቡን መኪና ላይ ያሳረፈ ሰው ሞኝ አይባልም። ቶዮታም ቢሆን ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም፤ ዕቃው ሶማሌ ተራ ይገኛል፣ የማያውቀው መካኒክ የለም። ነገር ግን ዋጋው የጨመረው መኪናው ስለተሻሻለ አይደለም። ከአምስት ዓመት በፊት አርጅቶ የነበረ ኮሮላ ዛሬ አምስት ዓመት ጨምሮ አርጅቷል። የፍሬን ቧንቧውም፣ የመሪ ጫፉም፣ የሽቦው ፕላስቲክም አብረው አርጅተዋል። ገበያው ግን ይህን አይቆጥርም። በወቅቱ ዘይት ሲቀየርለት የኖረውን ኮሮላና ሲንገላታ የኖረውን ኮሮላ ታርጋቸውና ቀለማቸው ከተመሳሰለ በአንድ ዋጋ ይጠራቸዋል።

ከሁሉ አብልጦ የሚያሳዝነኝ የታርጋው ነገር ነው። ፊደሉ ከኤ ወደ ቢ፣ ከቢ ወደ ሲ ሲሸጋገር የሚናገረው መኪናው እዚህ አገር መቼ እንደተመዘገበ ብቻ ነው። መቼ እንደተሠራ፣ ስንት እንደተነዳ፣ ከምን አደጋ እንደተረፈ አይናገርም። ከ2012ቱ አዋጅ በፊት ሌላ አገር አሥርና ከዚያ በላይ ዓመት ያገለገለ መኪና ገብቶ አዲስ ታርጋ ይለጠፍለት ነበር። ከእሱ ቀድሞ የገባ፣ ነገር ግን ሲገባ አዲስ የነበረ ባለ ኤ መኪና በዕድሜ ከእሱ ሊያንስ ይችላል። የተሠራበት ዓመት ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ይህ እያለ ፊደል ለማየት ተሽቀዳድመን ተጨማሪ ብር የምንከፍልበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ቀጣዩ ገዢም ፊደሉን እንደሚጠይቀን ስለምናውቅ።

ቪትዝን ደግሞ ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነውና። በየመንገዳችን የሞላው ቪትዝ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ከ1999 ጀምሮ ለጃፓን ገበያ የተሠራ ነው፤ ያው መኪና ለአውሮፓ ሲሸጥ ስሙ ያሪስ ነበር። ጃፓኖች የሚነዱት በግራ ስለሆነ መሪያቸው በቀኝ ነው። እኛ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የምንነዳው በቀኝ ነው። እንግዲህ ቪትዝ ተብሎ መሪው በግራ የሆነ የጃፓን መኪና ስታዩ፣ ከፋብሪካ እንዲህ ሆኖ እንዳልወጣ እወቁ። እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት አንድ ጋራዥ ገብቷል። እዚያ ዳሽቦርዱ ተነቅሏል፣ መሪውና የመሪው ጥርስ ተቀይሯል፣ ፔዳሎቹ ተዛውረዋል፣ ሽቦዎች ተቀጥለዋል። ሥራው በጥሩ እጅ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ማን እንደሠራው፣ ማን እንደመረመረው የሚገልጽ ወረቀት ግን ገዢው እጅ አይገባም። ስለ ኮፈኑ ቀለም ለአንድ ሰዓት የሚከራከር ሰው ነፍሱን የሚያስይዝበት መሪ አንድ ጊዜ ተነቅሎ እንደተገጠመ አይጠይቅም። ማጣሪያው ደግሞ ከባድ አይደለም። በአውሮፓ የተሸጠው ያሪስ 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት የሻሲ ቁጥር አለው። የጃፓኑ አጭር ነው፤ ለምሳሌ ባለ 1000 ሲሲው የመጀመሪያ ቪትዝ በኤስ.ሲ.ፒ.10 ይጀምራል። ኮፈኑን ከፍቶ ማንበብ ብቻ ይበቃል።

ላሜራ ያልተነካ መኪና መፈለግ በራሱ ስህተት አይደለም። የታጠፈ ሻሲ በስቱኮና በቀለም ተሸፍኖ ይሸጣልና ማጣራቱ ይገባል። ስህተቱ ምርመራው እዚያው ላይ ማብቃቱ ነው። ኪሎ ሜትሩም እንደዚሁ። ዲጂታል ቆጣሪ በኮምፒውተር ወደ ኋላ እንደሚመለስ እያወቅን፣ ዳሽቦርዱ ላይ ትንሽ ቁጥር ስናይ ልባችን ይረጋል። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ አልቆ ብረቱ እየታየ፣ መሪው በእጅ ብዛት ልሞ፣ የሹፌሩ ወንበር ጎኑ ተሸርፎ 80 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የሚያነብ መኪና ዋሽቷል። በጃፓን ጨረታ የሚሸጥ መኪና መርማሪ የሚሞላው ወረቀት አለው፤ ኪሎ ሜትሩ፣ የተጠገነው አካሉ፣ የአደጋ ታሪኩ እዚያ ላይ ይሰፍራል። ያ ወረቀት አስመጪው እጅ ደርሶ፣ መኪናው ሦስተኛና አራተኛ ባለቤት ጋ ሲደርስ የት እንደጠፋ የሚጠይቅ የለም።

አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ጥርሷን ከፍተው፣ ኮቴዋን አንሥተው፣ ዳገት ቁልቁለት አስኪደው ነበር እንጂ ኮርቻዋን አይተው አልነበረም። እኛ ኮርቻውን እያየን ነው።

ልብ ልንላቸው የሚገቡት ነገሮች ከመኪናው ዋጋ አንጻር ርካሽ ናቸው። የፍሬን ዘይትን ውሰዱ። ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። በብዛት የሚሸጠው ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ሲገባበት ግን ይህ ወሰን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። አባይ በረሃን ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ መኪና ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ እስከ ታች ይገባል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ዘይቱን መቀየር ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት አይደለም። ጎማም ላይ አራት አኃዞች ተቀርጸዋል፤ 2314 ቢል በ2014 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ የደረቀ ጎማ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ «አዲስ ጎማ» እየተባለ ይሸጣል።

ኤርባጉ ከዚህም ይከፋል። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች ጋዝ ማመንጫቸው በሙቀትና በእርጥበት ብዛት እየተበላሸ፣ ሲፈነዱ የብረት ፍንጣሪ ወደ ተሳፋሪ ስለሚረጩ፣ በመኪና ታሪክ ትልቁ የጥገና ጥሪ ተደርጎባቸዋል። ኩባንያውም በ2017 እ.ኤ.አ. ከስሯል። ከተጠሩት መካከል እኛ «አይበገሬ» የምንላቸው ኮሮላና ያሪስ ይገኙበታል። ጥሪው የተላከው በየአገሩ ለተመዘገቡ ባለቤቶች ነው። ሁለትና ሦስት ድንበር ተሻግሮ ለመጣ መኪና ባለቤት ማን ደብዳቤ ይጽፍለታል? የመኪናው ፋብሪካ በሻሲ ቁጥር ማጣራት የሚቻልበት መንገድ ከፍቷል፤ የኛ ገዢ ግን እንዲህ ያለ ጥሪ መኖሩን እንኳ የሚነግረው የለም።

እንዳይነገረው የሚያደርገው የገበያው አሠራር ነው። ደላላው የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም በመቶኛ ነው፤ ካልተፈጸመ ድካሙ መና ይቀራል። ስለዚህ ገዢው ሲጠራጠር «ሌላ ሰው ቀብድ ሊያስይዝ መንገድ ላይ ነው» ይላል። እሱ የሚያመጣው መካኒክም ኮፈኑን ከፍቶ፣ ነዳጅ ረገጥ ረገጥ አድርጎ፣ ጆሮውን ጣል አድርጎ «ሞተሩ ቄንጠኛ ነው» ብሎ ይሄዳል። በጆሮ የሲሊንደር ግፊት አይለካም። መለኪያ መሣሪያው ውድ አይደለም፤ በየጋራዡ ይገኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ንባቡ የመኪናው የጥገና መጽሐፍ ላይ ካለው ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። ዋናው ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። አንዱ ከሌሎቹ ርቆ ከወረደ፣ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር ሞተሩ ታሟል።

«ሞተሩ ያልወረደ» የሚለውንም መስፈርት አልቀበልም። ሞተሩ በጥሩ ባለሙያ ወርዶ፣ ፋሻውና ጓርኒሲዮኑ ተቀይሮ፣ ደረሰኙ የተያዘለት መኪና፣ ጭስ እያወጣ «አልተነካም» እየተባለ ከሚሞገሰው ይበልጣል። ጥገናን እንደ ነውር በመቁጠራችን ሻጮች ያስጠገኑትን እንዲደብቁ፣ ሊጠገን የሚገባውን ደግሞ ሳይጠግኑ ለቀጣዩ ሰው እንዲያሻግሩ አስተምረናቸዋል።

መጀመሪያ ላይ አሮጌውን መኪና ያነሣሁበት ምክንያት አለ። ብዙ ሰው የራሱን የሚሸጠው ወጪው ስለሰለቸው ነው። የዚያን መኪና ሕመም ግን ያውቀዋል። መቼ ቴስታታው እንደተከፈተ፣ የትኛው አሞርዛተር እንደተቀየረ፣ ዘይት ይበላ አይበላ ያውቃል። የሚገዛው ግን የማያውቀውን ሰው ሕመም ነው። ሁለቱ መኪኖች በሚለያዩበት ብር ፍሬኑን፣ መሪውን፣ ጎማውንና ሞተሩን አሳድሶ የሚተርፈው ሰው ጥቂት አይደለም። አካሉ በዝገት ያለቀ ከሆነ ወይም ዕቃው ከጠፋ መለወጡ ግድ ነው፤ ያለዚያ ግን ሂሳቡን ወረቀት ላይ ሳያሰላ ለሽያጭ የሚያወጣ ሰው ከቆርቆሮ ወደ ቆርቆሮ ለመዛወር ለደላላ እየከፈለ ነው።

የነዳጅ መኪና መግቢያው ስለተዘጋ ያሉት መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ መሽከርከራቸው ይቀጥላል፤ በዞሩ ቁጥርም ታሪካቸው ይጠፋል። ቤልጂየም ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መኪና ጋራዥም ሆነ ምርመራ ጣቢያ በገባ ቁጥር ኪሎ ሜትሩ እንዲመዘገብና መዝገቡ ለገዢ እንዲሰጥ በሕግ አስገድዳለች። እኛም መኪኖቻችንን በየዓመቱ ለቦሎ ምርመራ እናቀርባለን። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች በዚያን ቀን የተነበበውን ኪሎ ሜትርና የተገኘውን ጉድለት በሻሲ ቁጥሩ ሥር መዝግበው ለገዢ ክፍት ያድርጉት። ገዢዎች ደግሞ ይህን ሳትጠብቁ የራሳችሁን መካኒክ ራሳችሁ ከፍላችሁ ውሰዱ፤ የሻሲ ቁጥሩን አንብቡ፤ መኪናው ማንሻ ላይ ወጥቶ ሆዱ ይታይ። ሻጩ እንዳይመረመር ከከለከለ፣ ታርጋው ሲ ቢሆንም፣ ስሙ ቶዮታ ቢሆንም፣ አትግዙት።