ስለ አረጋውያን መጦሪያ ቤትና ስለ ሕጉ

ሰው ሁሉ ለእርጅናው ዘመን ጧሪና ቀባሪ እንዲያገኝ ይመኛል። በአገራችንም ልጅ ወላጁን መጦሩ እንደ ዕዳ እንጂ እንደ ምጽዋት አይቈጠርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ከዚያም በ1995 ዓ.ም. የታወጀው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ይህንኑ ዕዳ በጽሑፍ አጽንተውታል፤ ልኩም በተጧሪው ችግርና በጧሪው አቅም ይመዘናል። ስለዚህ ልጅ ያለው ሽማግሌ ቢቸገር፥ ለዳኛ አቤት ሲል የሚጠራው ስም አለው።

የሚጠራው ስም የሌለውስ ወዴት ይሂድ? ከጎንደር ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ኮሶዬን ያየ ሰው የደጋውን ብርድ ያውቃል። በዚያ አገር እንጨት የሚለቅምለትና ውሃ የሚቀዳለት የሌለው አረጋዊ፥ በጎተራው እህል ቢኖረው እንኳ ችግረኛ ነው። የጡረታ አበል ሕግም የሚመለከተው በደመወዝ ያገለገለውን እንጂ ገበሬውን አይደለም። ቀድሞ እንዲህ ያለው ሰው ወይ መሬቱን ለሚጦረው ይሰጥ፥ ወይ መንኵሶ ገዳም ይገባ፥ ወይም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይቀመጥ ነበር።

ዛሬ በነዚህ ላይ መጦሪያ ቤት ተጨምሯል። በ2002 ዓ.ም. አቶ ቢንያም በለጠ በአዲስ አበባ የመሠረቱት የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለው በጎ ሥራ ምስጋና ይገባዋል፤ ነገር ግን በጎ ሥራ ከሕግ ዓይን ውጭ ሊሆን አይገባም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 1113ም የበጎ አድራጎት ድርጅት ተመዝግቦ የሥራውንና የገንዘቡን ሒሳብ በየዓመቱ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ሆኖም ብርድ ልብሱ ደረቅ መሆኑ፥ ሌሊት የሚጣራውን ሰው የሚሰማ መኖሩ በሒሳብ መዝገብ አይታይም።

ይህን ጕድለት የሚሞላውን መንገድ የአፍሪቃ ኅብረት በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቀበለው የአረጋውያን መብት ስምምነት ያመለክታል። በአንቀጽ 11 እንደ ተነገረው፥ በመጦሪያ ቤት መኖር በአረጋዊው ምርጫ መሆን አለበት፤ ዋጋውም የሚቻል፥ አያያዙም አገሩ ከወሰነው ዝቅተኛ ደረጃ የማያንስ ይሁን።

ከሦስቱ ሁሉ የሚበልጠው ፈቃዱ ነው እንላለን። በችሎት ጽሕፈት ስንውል ከሚያጋጥሙን ክርክሮች አንዱ «መሬቴን የሰጠሁት ሊጦረኝ ነበር» የሚል የሽማግሌ አቤቱታ ነው፤ ውሉ በቃል ስለሆነ ምስክሩ ይሞታል፥ ነገሩም ይጠፋል። እንግዲህ አረጋዊው ወደ መጦሪያ ቤት ሲገባ ውል ይጻፍ፤ ጽሑፉም ይነበብለት። ምን እንደሚበላ፥ ሲታመም ማን እንደሚያሳክመው፥ ንብረቱን ማን እንደሚጠብቅለት፥ ሲሞት የት እንደሚቀበር፥ ቢከፋውም መውጣት እንደሚችል በውሉ ይግባ። ተቈጣጣሪውም ሳይነገርበት ይምጣ፤ አለቃው በሌለበትም አረጋውያኑን ይጠይቅ። ደረጃውም ለቆላና ለደጋ አንድ አይሁን፤ በኮሶዬ ብርድ እሳት የማይነድበት ቤት፥ ጣራው ቆርቆሮ ግድግዳውም ስሚንቶ ቢሆን፥ መጦሪያ ሊባል አይገባውም።

ሹማምንትም፥ ልጆችም ይህን ያስቡ። ዛሬ ለሌላው የምንጽፈው ደንብ ነገ የሚያስተዳድረን እኛኑ ነውና።