የቡድን ታሪክ ዋንጫ ብቻ ነው እንዴ?

የአንድ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ቡድን ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገሮች ይደረደራሉ፤ ቡድኑ መቼ ተቋቋመ፣ ማንን አሸነፈ፣ ስንት ዋንጫ አመጣ። ይህ ክፋት የለውም። ነገር ግን በዚህ ብቻ የተወሰነ ታሪክ ግማሽ ታሪክ ነው ባይ ነኝ። ለዚህም የአሜሪካው የዬል ዩኒቨርሲቲ የጀልባ ቀዘፋ ቡድን ጥሩ ምሳሌ ይሆነኛል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የዋንጫውን ታሪክ እንይ። የዬል ተማሪዎች ቀዘፋ የጀመሩት በ1843 ነው። በ1852 በኒው ሃምፕሻየር በሚገኘው የዊኒፔሶኪ ሐይቅ ላይ ከሃርቫርድ ተማሪዎች ጋር ተወዳደሩ። ይህ በአሜሪካ ኮሌጆች መካከል የተካሄደ የመጀመሪያው የስፖርት ውድድር መሆኑ ይነገርለታል፤ አሸናፊው ግን ሃርቫርድ ነበር። ወጪውን የቻለው ደግሞ መንገደኛ ለመሳብ የፈለገ የባቡር ኩባንያ ነው። ዬል ከዚያ በኋላ በ1924 በፓሪስ፣ በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ በስምንት ሰው ጀልባ የወርቅ ሜዳሊያ አግኝቷል። በ1924ቱ ጀልባ ላይ ከነበሩት አንዱ፣ ኋላ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ በጻፈው መጽሐፍ ዓለም ያወቀው ሐኪም ቤንጃሚን ስፖክ ነው። የሚያኮራ ታሪክ ነው፣ ማን ይክዳል?

አሁን ወደ ሌላኛው ግማሽ እንምጣ። ዬል ለመጀመሪያ ዲግሪ ሴት ተማሪዎችን መቀበል የጀመረው በ1969 ነው። በ1972 ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ የትምህርት ተቋም በጾታ ምክንያት አድልዎ እንዳያደርግ የሚከለክለው «ታይትል ናይን» የተባለው ሕግ ወጣ። ሴቶቹም የቀዘፋ ቡድን አቋቋሙ። ልምምዱ ደርቢ በምትባል ከተማ፣ በሁሳቶኒክ ወንዝ ላይ ነበር። ከልምምድ በኋላ ወንዶቹ እዚያው ጀልባ ቤት ውስጥ ሞቅ ባለ ውሃ ሻወር ይወስዳሉ። ለሴቶቹ ግን ሻወር አልነበረም። በላብና በወንዝ ውሃ እንደራሱ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብለው ወንዶቹ ታጥበው እስኪመጡ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ወደ ኒው ሄቨን ይመለሳል። ያውም በክረምት ብርድ! ሻወር እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ጉዳዩ ግን ሲንከባለል ቆየ።

መጋቢት 3 ቀን 1976 አሥራ ዘጠኝ ሴት ቀዛፊዎች በካፒቴናቸው በክሪስ ኧርነስት መሪነት የሴቶች ስፖርት ወደሚመለከታቸው ኃላፊ ቢሮ ገቡ። ልብሳቸውን አወለቁ። ደረታቸውና ጀርባቸው ላይ የሕጉ ስም ተጽፎ ነበር። ኧርነስት መግለጫ አነበበች፤ ጋዜጠኛም አብሯቸው ስለነበር ወሬው በማግስቱ ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት የሴቶች መታጠቢያና ልብስ መቀየሪያ ተሠራ።

እዚህ ላይ «ምን ሲባል እርቃን ይኮናል? ነውር አይደለም ወይ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ለማንኛውም አቤቱታ ልብስ ይውለቅ አልልም። ግን ነውሩን ስንመዝን ሁለቱንም ወገን እንመዝን እንጂ! ሕጉ ከወጣ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ተማሪዎቹ በወጉ ጠይቀዋል፤ መልስ የለም። ሕግ ወረቀት ላይ ስለሰፈረ ብቻ ውሃ ሆኖ ከቧንቧ አይወርድም። በአንድ ወንዝ፣ በአንድ ብርድ የሠሩ ተማሪዎች ግማሾቹ ታጥበው ግማሾቹ እየተንቀጠቀጡ ሲጠብቁ በየቀኑ እያዩ ዝም ማለት ነውር አይባልም እንዴ? ሴቶቹ ያሳዩት ያንኑ ለብርድ የተተወ ሰውነታቸውን ነው።

ሌላው መከራከሪያ «ዋንጫውን ያመጡት ወንዶቹ ናቸው፤ ሴቶቹ ገና መጀመራቸው ነበር» የሚል ነው። ይህ ግን ፈረሱን ከጋሪው ኋላ ማሰር ነው። መታጠቢያ ያጣ ቡድን በምን አቅሙ ዋንጫ ያምጣ? ደግሞም አምጥተዋል። የሴቶች ቀዘፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባው በዚያው ዓመት በሞንትሪያል ሲሆን፣ ከአሥራ ዘጠኙ አንዷ አን ዋርነር በስምንት ሰው ጀልባ ነሐስ አግኝታለች። ጂኒ ጊልደር በ1984 በሎስ አንጀለስ ብር አገኘች። ኧርነስት ራሷ በ1986 የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ቢሆንም አንድም ሜዳሊያ ባያመጡ ኖሮ ሻወሩ አይገባቸውም ነበር ማለት አይደለም። ተማሪ ናቸው፤ ይበቃል።

ነገሩ የዬል ብቻ አይደለም። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ በወንዶች መወዳደር የጀመሩት በ1829 ነው። ሴቶቹ በ1927 ሲጀምሩ ጎን ለጎን እንዲሽቀዳደሙ እንኳ አልተፈቀደላቸውም፤ የተዳኙት በሰዓትና በአቀዛዘፍ ውበት ነበር። ከወንዶቹ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ የቴምዝ መስመር ላይ መወዳደር የቻሉት በ2015 ነው። የውጤት ሰንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው ይህን ከየት ያገኘዋል?

እንግዲህ ለዲፓርትመንታችን ተማሪዎችና መምህራን የማቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው። የአንድ ቡድን፣ የአንድ ክበብ ወይም የአንድ ተቋም ታሪክ እንድንጽፍ ሲሰጠን የድሉን መዝገብ እናንብብ። ግን በዚያ አናብቃ። በጀቱ ለማን ተመደበ? ቁልፉ ማን ጋ ነበር? ማን ገባ፣ ማንስ ውጭ ቆሞ ጠበቀ? ብለንም እንጠይቅ። የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ዋንጫ ላይ አይቀረጽም። አቤቱታ ደብዳቤ ውስጥ፣ የቃለ ጉባኤ ፋይል ውስጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዛሬም በሕይወት ባሉ ሰዎች ትዝታ ውስጥ ነው የሚገኘው። ሰዎቹ ሳያልፉ ሄደን መጠየቅ የኛ ፋንታ ነው።