ድንጋዩን ከጣሪያው ላይ አውርዱት

ዛሬ ንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት ላስቸግራችሁ። እስቲ ወደ ግቢ ውጡና የቤታችሁን ጣሪያ ቀና ብላችሁ እዩት። ድንጋይ፣ አሮጌ ጎማ ወይም የብሎኬት ስባሪ ተጭኖበት ካያችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ከሌለም አንብቡት፤ የጎረቤት ጣሪያ ላይ አይጠፋም።

እናቴ የምትኖርበት ቤት ከሃምሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው ስንት ጊዜ ተለስኗል፤ ወለሉ ሴራሚክ ሆኗል፤ ከፊት ለፊቱም በረንዳ ተቀጥሎለታል። ክዳኑን ግን ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ባለፈው ዓመት ግንቦት ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ሊጥል ሲል የሚነሣው ያ አቧራ የቀላቀለ ነፋስ መጣና የበረንዳውን ቆርቆሮ ከነእንጨቱ ብድግ አድርጎ ገለበጠው። ሁለቱ ቆርቆሮዎች አጥር ተሻግረው ጎረቤት ግቢ ወደቁ። ላያቸው ላይ የነበረው ድንጋይ ያረፈው እናቴ ቡና የምታፈላበት ቦታ ላይ ነበር። እሷ በዚያች ደቂቃ የተሰጣ ልብስ ልታስገባ ጓሮ ሄዳለች። «እመቤቴ ናት ያወጣችኝ» ትላለች፤ አልከራከራትም። ድንጋዩን እዚያ የሰቀልኩት እኔ ነኝ።

ጉዳቱን ሊያይ የመጣው ሽማግሌ አናጢ ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ሳቀ። ብዙዎቻችን ነፋስ ጣሪያን የሚጎዳው ከላይ እየመታ ይመስለናል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ነፋስ በጣሪያ ላይ በፍጥነት ሲያልፍ ክዳኑን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ከግድግዳ ወጣ ባለው ጠርዝና ዙሪያው ክፍት በሆነ በረንዳ ሥር ደግሞ ገብቶ ከታች ይገፋዋል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በጣሪያ ጠርዝና ማዕዘን ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ከ50 ኪሎ በላይ ክብደት የማንሣት ኃይል ሊኖረው ይችላል። አንድ ካሬ ሜትር የቤት ክዳን ቆርቆሮ ራሱ ብዙውን ጊዜ አምስት ኪሎ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ የእኔ ድንጋይ ምን ሊያደርግ ኖሯል?

ጣሪያን ይዞ የሚያቆየው ክብደት ሳይሆን ማሰሪያው ነው። ቆርቆሮው ከማገሩ፣ ማገሩ ከወራጁ፣ ወራጁ ከግድግዳው ቋሚ ጋር መያያዝ አለበት። ከአንዱ ከላላ ሌላው ዋጋ የለውም። በአሮጌ ቤት የሚላላው ደግሞ ሳይታወቅ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ላይ የተመታ ምስማር እንጨቱ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ መያዣ ያጣል። ቆርቆሮው ቀን በፀሐይ ሲሰፋ፣ ሌሊት በብርድ ሲኮማተር ቀዳዳውን ያሰፋዋል። የምስማሩ ጭንቅላት ከውጭ ደህና መስሎ፣ እግሩ በዝገት አልቆ ይገኛል። ምስጥ ካለማ አይነሣ።

ሳትወጡም ብዙ ማወቅ ትችላላችሁ። ነፋስ ባለበት ቀን ጆሯችሁን ስጡት፤ ቆርቆሮው የሚንኳኳ ከሆነ ላልቷል። የአቡጀዲ ኮርኒስ ያላችሁ ቡናማ ክብ ክቡን እዩ፤ ከያንዳንዱ በላይ የሚያፈስ ቀዳዳ አለ። ኮርኒሱ ውስጥ መግባት የሚቻል ከሆነ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ መብራት ሳታበሩ ቀና በሉ፤ በምስማሩ ዙሪያ ብርሃን ካያችሁ ውኃም ነፋስም መንገድ አግኝቷል።

አናጢ ስትጠሩ የላላውን ምስማር እዚያው ቀዳዳ ላይ መልሶ እንዲመታው አትፍቀዱለት። አዲስ ቀዳዳ ላይ፣ ሸንተረሩ ከፍ ባለበት እንጂ ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ሳይሆን፣ ጎማ ያለው ብሎን ያስገባ። በጠርዝና በማዕዘን በኩል ጠጋ ጠጋ ያድርገው። ወራጁንም ከቋሚው ጋር በወፍራም ሽቦ ወይም በብረት ቁራጭ ይሰረው፤ እኛ ቤት የጠፋው ይኸው ነበር። ቆርቆሮ የምትቀይሩ ከሆነ በቁጥሩ አትሸወዱ፤ 35 ቁጥር ከ28 ቁጥር የሳሳ ነው።

ክዳኑ ቆርቆሮ ሳይሆን አሮጌ ኤተርኒት ከሆነ አትብሱት፣ አትስበሩት፤ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ብናኙ ለሳንባ አደገኛ ነው። የቀበሌ ቤት ወይም በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ የተበላሸውንም ፎቶ አንሥታችሁ በጽሑፍ አመልክቱ። ነፋሱ ከተነሣ በኋላ ግን አባወራውን ጣሪያ ላይ አታውጡት። ባልዲ ደቅኑ፣ ልጆቹን ከበረንዳ አስገቡ፣ ይለፍ።

የእናቴን ጣሪያ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ጨረሱት። ድንጋዩን ግን አልጣለችውም፤ የጓሮ በሯን ታስደግፍበታለች። በሚቀጥለው ወር አሸንዳውን እናያለን።