ስለ ወህኒ የተጻፈ መጽሐፍ በማኅበር ሲነበብ

በዓባይ ማዶም ሆነ ከድልድዩ ወዲህ በባሕር ዳር ከተማ፥ ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት በኋላ ተሰብስበው አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ በአንድነት ቢያነቡና ቢነጋገሩበት፥ ይህን የሚቃወም ወላጅ እምብዛም አይገኝም። ነገር ግን የተመረጠው መጽሐፍ ስለ እስረኛና ስለ ወህኒ የሚናገር የሆነ እንደ ሆነ የወላጅ ፊት ይለወጣል። አባት «ለልጅ የሚነበብ ሌላ ነገር ጠፍቶ ነውን?» ይላል፤ እናትም ዝም ትላለች። ይህ ዝምታ ከየት እንደ መጣ ሁላችንም እናውቃለን። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በከተሞቻችን ከታሰሩትና ሳይመለሱ ከቀሩት ብዙዎቹ ተማሪዎችና ወጣቶች ነበሩና፥ በብዙ ቤት ውስጥ ወህኒ የመጽሐፍ ነገር ሳይሆን የቤተ ዘመድ ነገር ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን እንዲህ ያለ መጽሐፍ በማኅበር ሲነበብ ምን እንደሚያስገኝና ምን ጥንቃቄ እንደሚያሻው ልንናገር አስበናል።

አስቀድመን ቃሉ ራሱ የአገራችን ልጅ እንደ ሆነ እናስታውስ። ወህኒ በጎንደር አገር በበለሳ በኩል የሚገኝ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው። በፈረንጅ ቍጥር ከ1632 እስከ 1667 ከነገሡት ከዐፄ ፋሲለደስ ጀምሮ፥ ነገሥታት ወንድሞቻቸውንና የዘመዶቻቸውን ወንዶች ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ በዚያ ያስቀምጧቸው ነበር። ከዚያም በፊት ይኸው ልማድ በግሸን አምባ ኖሮ በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ ጦርነት ጊዜ ቀርቷል። «ወህኒ ቤት» የሚለው ስም ከዚሁ ከበለሳው አምባ ወጥቶ የእስር ቤት ሁሉ መጠሪያ ሆነ ይባላል። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ ወህኒ በመጀመሪያ የተዘጋበት ሰው ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሳይሆን የንጉሥ ልጅ ነበረ።

የዚህ ልማድ ወሬ ባሕር ተሻግሮ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ወልዷል። ጄሮኒሞ ሎቦ የተባለ የፖርቱጋል ቄስ በፈረንጅ ቍጥር ከ1625 እስከ 1634 በአገራችን ተቀምጦ፥ የዓባይን ምንጭና የጢስ ዓባይን ፏፏቴ አይቶ ታሪኩን ጻፈ። ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ይህን ጽሑፍ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 አሳተመ፤ በ1759 ደግሞ እናቱ በሞተችበት ወራት የቀብሯን ወጪ ለመክፈል በአንድ ሳምንት ምሽቶች «ራሴላስ» የሚባለውን ልብ ወለድ እንደ ጻፈ ይነገራል። ይህንንም መጽሐፍ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል።

ስሞቹን የመረመሩ ሊቃውንት እንደሚሉት ራሴላስ የተባለው ስም የተወሰደው ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ነው። እኚህ ሰው የዐፄ ሱስንዮስ ወንድምና የጎጃም ገዥ ነበሩ። ባለቅኔው ኢምላክም ስሙን ያገኘው ከይኩኖ አምላክ ነው። የዐፄ ይኩኖ አምላክ ዐፅምና ወህኒን የመሠረቱት የዐፄ ፋሲለደስ ዐፅም ሁለቱም በጣና ባሕር በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም እንደሚገኙ ይነገራል። እንግዲህ የባሕር ዳር ተማሪ ይህን የእንግሊዝ መጽሐፍ ሲያነብ የሩቅ አገር ነገር ያነባል ማለት አይቻልም፤ የመጽሐፉ ሥር ከባሕሩ ማዶ ይታየዋልና።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ራሴላስ የንጉሥ አራተኛ ልጅ ሲሆን፥ በአማራ አገር በተራራ በተከበበ አንድ ለምለም ሸለቆ ውስጥ ከእኅቶቹና ከወንድሞቹ ጋር ተዘግቶ ይኖራል። መግቢያው በዋሻ በኩል ሆኖ በብረት መዝጊያ ይዘጋል፤ የሚከፈተውም ንጉሡ በዓመት አንድ ጊዜ ለ8 ቀን ልጆቹን ሊጠይቅ ሲመጣ ነው። ምግቡ፥ ዜማው፥ አትክልቱ፥ ጨዋታው ሁሉ የተሟላ ነው። ልዑሉ ግን 26 ዓመት ሲሆነው ከጨዋታው ይሸሽ ጀመር። 20 ወር ያህል ስለ ውጭው ዓለም ሲያልም ቈየ፤ ከዚያም ጊዜውን እንዳባከነ ቢገባው፥ ከእንግዲህ ወዲህ አላባክንም እያለ ሲዝት ሌላ 4 ወር አባከነ። (ይህን ሲያነብ በራሱ የማይስቅ ተማሪ ያለ አይመስለንም፤ እኛም ብንሆን።) በመጨረሻ ከኢምላክ ጋር ተራራውን ፈልፍሎ፥ እኅቱን ነካያንና ደንገጡሯን ፔኩዋን ይዞ ወደ ካይሮ ይወጣል።

በማኅበር የሚያነቡ ተማሪዎች በዚህ መጽሐፍ ላይ የሚከራከሩበት የመጀመሪያው ነገር ራሴላስ እስረኛ ነውን የሚለው ይሆናል። አንዱ «የጠገበ እስረኛ የለም፤ እስረኛ ማለት በረኃብና በግርፋት ያለ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «መዝጊያው በውጭ በኩል ከተቈለፈ ውስጡ ግብር ቤት ቢሆንም ወህኒ ነው» ብሎ ይመልሳል። እኛ ከሁለተኛው ጋር ነን፤ ሆኖም የመጀመሪያውን ቀላል ሐሳብ ነው ብለን አናልፈውም፤ በእውነት የተገረፉ ሰዎች ባሉበት አገር የልዑል መሰልቸት መከራ ተብሎ ሲቈጠር የሚከፋው ሰው ሊኖር ይገባዋል።

ከዚህ ጋር አያይዞ የሚነበብ መጽሐፍ ለሚፈልግ ማኅበር የአቤ ጉበኛን «አልወለድም» እንጠቁማለን። ደራሲው በባሕር ዳር አጠገብ ካለው ከአቸፈር አገር የተወለዱ ናቸው፤ መጽሐፉ በ1955 ዓ.ም. ታትሞ ብዙ ሳይሸጥ በመንግሥት ተከልክሏል፤ እሳቸውም በኋላ ወደ ጎሬ ተግዘው ኖረዋል። በዚያ መጽሐፍ በእናቱ ማኅፀን ያለ ሕፃን ወደዚህ ዓለም አልወጣም ብሎ ይከራከራል። ራሴላስ ከተዘጋበት ለመውጣት ተራራ ይፈለፍላል፤ የአቤ ሕፃን ግን ከተዘጋበት መውጣትን እምቢ ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ማኅበር የአንድ ዓመት ክርክር አያጣም።

አሁን ከልብ ወለድ ወጥተን ወደ ሆነው ነገር እንመለስ። እስረኞች ራሳቸው የመጽሐፍ ማኅበር የሆኑበት ጊዜ በአገራችን ነበረ። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን 8 ዓመት ያህል በታሰሩበት ጊዜ፥ አሜሪካዊቱ ማርጋሬት ሚቸል በ1936 በፈረንጅ ቍጥር ያሳተመችውን ትልቅ ልብ ወለድ ወህኒ ውስጥ አገኙት። ቅጁ አንድ ብቻ ነው፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ የማያነበው እስረኛ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ወረቀት ቢያጡ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚገኘው ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ ይመልሱት ጀመር፤ ወረቀቱም 3000 ያህል እንደ ሆነ ይነገራል። የተተረጐመው ሁሉ ለሌሎቹ እስረኞች እየተነበበ ተደመጠ፤ ከዚያም በሲጋራ ፓኮ እየተሸሸገ ከሚፈቱት ሰዎች ጋር ወደ ውጭ ወጣ። ተርጓሚው ከተፈቱ በኋላ የተበተነውን ሰብስበው «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ስም አሳተሙት። በኋላም የአዲስ አድማስ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሆነው ሲሠሩ ኖረው በ2016 ዓ.ም. ዐረፉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛን የሚያስደንቀን የወረቀቱ ብልኃት ብቻ አይደለም። መጽሐፉ የሚናገረው ስለ ሩቅ አገር ጦርነትና ስለ አንዲት ባለርስት ልጅ ነው፤ ከእስረኞቹ ኑሮ ጋር በምንም አይገናኝም። እነሱ ግን የነገውን ምዕራፍ ለመስማት ሲሉ ነገን ይጠብቁ ነበር። ስለ ወህኒ የሚያነብ ተማሪ፥ በወህኒ ውስጥ ያለው ሰው ምን እንደሚያነብ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ስለ አነባበቡ ሥርዓት ብዙ አንናገርም፤ ጎጃም ለዚህ መምህር አያስፈልገውም። በቅኔ ቤት ተማሪው መጀመሪያ ብቻውን ርቆ ይቈጥራል፤ ቀጥሎ ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል። በመጽሐፍ ማኅበርም ቢሆን ብቻውን ሳያነብ የመጣ ሰው ከሌላው አፍ የሚለቅመውን ሲደግም ይውላል። መጽሐፉ አንድ ብቻ ከሆነ በየተራ ይዞሩት፤ ያልደረሰው ደግሞ በዚያ ቀን አድማጭ ይሁን።

ሴቶች ልጆችም እንዳይቀሩ እናሳስባለን። በራሴላስ መጽሐፍ ወደ ሰዎች ቤት እየገባች የባልና የሚስት፥ የወላጅና የልጅ ኑሮ ምን እንደሚመስል የምትመረምረው ነካያ ናት፤ ስለ ጋብቻም ከወንድሟ ጋር አጥብቃ ትከራከራለች። ደንገጡሯ ፔኩዋም በዐረቦች ተማርካ በዓባይ ደሴት ባለ ምሽግ በታሰረችበት ወራት ከማራኪዋ የከዋክብትን ስምና አካሄድ ተምራ፥ በ200 ወቄት ወርቅ ተዋጅታ ወጣች። ይህን ክፍል ወንዶች ብቻ ተቀምጠው ቢከራከሩበት ነገሩ ጐደሎ ይሆናል። እንግዲህ ማኅበሩ በምሽት ሳይሆን በቅዳሜ ወይም በእሑድ ከቀትር በኋላ ቢሆን፥ ልጃገረዶች ሳይመሽ ድልድዩን ተሻግረው ይመለሳሉና ወላጅም አይሠጋም።

ከሁሉ የሚከብደው በቤት ውስጥ የታሰረ ሰው ሲኖር ነው። ልጁ መጽሐፉን ይዞ ሲገባ አባቱን ወይም አጎቱን «እርስዎስ እንዴት ነበሩ?» ብሎ መጠየቅ ይፈልጋል። በእኛ ሐሳብ፥ ይህ ጥያቄ በማኅበር ፊት ጨርሶ ሊቀርብ አይገባም። የሰውን መከራ ለሃያ ተማሪ ማስተማሪያ ማድረግ ነውር ነው፤ ባለ ታሪኩ ፈቅዶ ካልመጣ በቀር አይጋበዝ። በቤት ግን ሌላ ነው። ልጁ መጽሐፉን ከፍ ባለ ድምፅ ለአባቱ ቢያነብለት፥ አባትየው ስለ ልብ ወለዱ እስረኛ «እንዲህ አይደለም፤ በሩ የሚከፈተው እንዲህ ነው» ብሎ ሊያርመው ይችላል። እንደዚህ ሲያርም የራሱን ይናገራል፤ ማንም ግን አልጠየቀውም። ዝም ካለም ዝም ይባል፤ መጽሐፉ ግን ከልጁ እጅ አይነጠቅ። ሐዲስ ዓለማየሁ በጣልያን ወረራ ጊዜ ተማርከው በጣልያን ደሴቶች የታሰሩበትን ዘመን «ትዝታ» በተባለው መጽሐፋቸው የጻፉት ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነውና፥ ዛሬ ያልተናገረ ሰው ፈጽሞ አይናገርም ማለት አይደለም።

ማኅበሩ የራሴላስን መጨረሻ ሲያነብ ምናልባት ሳይስማማ ይለያይ ይሆናል፤ ደራሲውም ምንም ያልተደመደመበት መደምደሚያ ብሎ ሰይሞታልና። መንገደኞቹ በካይሮ ወንዙ ሞልቶ ከቤት መውጣት ቢከለክላቸው ምኞታቸውን እየተጫወቱ ይቀመጣሉ፤ ውኃው ሲጎድልም ወደ አገራቸው ሊመለሱ ይቈርጣሉ። ያ ሙላት ከ1970 በፈረንጅ ቍጥር ወዲህ በአስዋን ግድብ ስለ ተያዘ በካይሮ አይታይም። በዓባይ ማዶ ያለ ተማሪ ግን ድልድዩ ላይ ቆሞ ወንዙን ያየዋል፤ ልዑሉን በካይሮ ቤት ውስጥ ዘግቶ ያስቀመጠው ውኃ ከፊሉ በዚህ በኩል ያለፈ ነው።