የማዳም ክኒን ለእኛ ላይሆን ይችላል

ባለፈው ወር የመንጋጋ ጥርሴን ነርቭ አስወጣሁ፣ ሩት ካናል የሚሉትን ማለት ነው። ማታ መደንዘዣው ሲለቀኝ ሕመሙ ጠናብኝ። ማዳም አዝና ለወገቧ ከምትወስደው ክኒን አንድ ሰጠችኝ፣ ኮዴይን ያለበት ነው። ራሴን አዞረኝ፣ አስመለሰኝ፣ ጠዋት መቆም አቃተኝ። «እኔ እኮ ሁሌ የምውጠው ነው» አለች። ሥራ የሸሸሁ መሰላት።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ኮዴይን ሕመም የሚያስታግሰው ጉበታችን ውስጥ ያለ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው። ትራማዶልም ኃይሉን የሚያገኘው በዚሁ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙን የሚያዘው ዘረ መል ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። አንዳንዱ የማይሰራ ነው ያለው፣ ክኒኑን ቢውጥም ሕመሙ አይለቀውም። አንዳንዱ ትርፍ ቅጂ አለው፣ ሞርፊኑ በአንዴ ይበዛበታል፤ ያስመልሰዋል፣ ያደነዝዘዋል፣ ሲብስም ትንፋሽ ያሳጥራል።

ይሄ እኛን በቀጥታ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ትርፍ ቅጂ ነበራቸው። በስዊድን ግን ከ100 ሰው አንድ ሁለት ቢገኝ ነው። የአገራችን የመድኃኒት ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ2015 ኮዴይንን ከልክሏል። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ በ2017 ኮዴይንም ሆነ ትራማዶል ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለሕመም እንዳይሰጥ፣ የምታጠባ እናትም እንዳትወስድ አስጠንቅቋል። ስለዚህ የምታሳድጊው ልጅ ጥርሱን ቢያመውም ከዚህ ክኒን እንዳትሰጪው።

እኔ የዘር ምርመራ አላደረግሁም፣ ስለዚህ ከ29ኙ ነኝ አልልም። ማስመለስ ማንንም ሊያጋጥም ይችላል። ግን አንድ ክኒን ለሷ ተስማምቶ ለኔ አለመስማማቱ ውሸት ወይም ስንፍና አይደለም፤ ይሄን ማወቅ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ሌላም አለ። ኮዴይንና ትራማዶል በኤምሬትስና በሳውዲ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው። በስምሽ የሐኪም ማዘዣ ሳይኖር ቦርሳሽ ውስጥ ከተገኘ ጣጣው ላንቺ ነው።

ደግነቱ ከሩት ካናል በኋላ ለአብዛኛው ሰው አይቡፕሮፌንና ፓናዶል ይበቃሉ። አይቡፕሮፌን ከምግብ በኋላ ይሁን። ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያማት፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች ግን ሳትጠይቅ አትውሰደው። ፓናዶል በቀን ከ8 ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ አይለፍ፤ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም ስላለ ደምሪው። ሕመሙ በሁለት ሦስት ቀን መቀነስ አለበት። ፊትሽ ካበጠ ወይም ካተኮሰሽ ወደ ሐኪሙ ተመለሺ፣ ያ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ በማስታገሻ አይድንም።

ሐኪም ቤት ስትገቢ «ኮዴይን ወይም ትራማዶል አይስማማኝም፣ ያስመልሰኛል» ማለት ቻይ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው እንላለን፤ የሰው ክኒን ግን ለሰው ሁሉ መድኃኒት አይደለም።